ትምህርትና ሥራ በአንድ ጠረጴዛ፦ የአንድ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ታሪክ

በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሲሠራ ኦቨርታይም የሚከፈለው በአሠሪው ቸርነት ሳይሆን በሕግ ነው። ትንሹ ልጁ ሄድ ስታርት በተባለው የሕፃናት ፕሮግራም የሚውለው፣ ትልቋ ፋፍሳ የተባለውን የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ሞልታ ፔል ግራንት የተባለውን የኮሌጅ ድጎማ የምታገኘው፣ በሚሠራበት መጋዘን አደጋ ቢደርስ የመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚመጣው እንዲሁ በሕግ ነው። ሕጎቹ በተለያየ ዘመን ወጥተዋል፤ የፈረሙባቸው ፕሬዚዳንቶችም ይለያያሉ። ሁሉም ግን ከመፈረማቸው በፊት በአንድ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ወይም በቀዳሚዎቹ እጅ አልፈዋል። ይህ ኮሚቴ ዛሬ የትምህርትና የሥራ ኃይል ኮሚቴ ይባላል።

ስለ ሕግ ሲወራ የሚታወሰው ምክር ቤቱ ድምፅ የሰጠበት ወይም ፕሬዚዳንቱ የፈረሙበት ቀን ነው። የዚህ ኮሚቴ ከ150 ዓመት የበለጠ ታሪክ የሚያሳየው ግን ቀደም ብሎ የሚሆነውን ነው። ረቂቁ የሚቀረፀው፣ የሚቆረጠውና የሚቀጠለው ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ ድምፅ እንዳይሰጥበት የተፈለገ ጉዳይም የሚቀበረው እዚያው ነው። ስለዚህ የኮሚቴው ታሪክ በአመዛኙ ስብሰባ የመጥራትና ያለመጥራት ሥልጣን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተሻገረ የሚያሳይ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጦርነቱ ማግሥት

የተወካዮች ምክር ቤት የትምህርትና የሠራተኛ ኮሚቴን ያቋቋመው ማርች 21 ቀን 1867 ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። 4 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት ወጥተው ፊደልም ደመወዝም ይሻሉ፤ በሰሜን ደግሞ ፋብሪካው እየበዛ፣ በቀን ሥራ የሚያድረው ሕዝብ እየጨመረ ነው። ኮሚቴው ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ምርመራ ነበር። ከባርነት የወጡትን እንዲረዳ የተቋቋመውን መሥሪያ ቤት የሚመሩት ጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ ገንዘብ አለቦታው አውለዋል ተብለው ሲከሰሱ በ1870 ጉዳዩን አጣርቶ ከክሱ ነፃ ያወጣቸው ይህ ኮሚቴ ነው። በስማቸው የተሰየመው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ከሚበዙበት የዋሽንግተን ሰፈር አጠገብ ይገኛል።

በዲሴምበር 1883 ምክር ቤቱ ኮሚቴውን ለሁለት ከፈለው፤ ትምህርት ለብቻው፣ ሠራተኛ ለብቻው ሆነ። ኮሚቴ ምን ያህል መቃብር ሊሆን እንደሚችልም ወዲያው ታየ። የኒው ሃምፕሻየሩ ሴናተር ሄንሪ ብሌር የፌዴራል መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ እንደ ማይማኑ ብዛት የትምህርት ገንዘብ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ረቂቅ አቅርበው ነበር። ረቂቁ በሴኔት በ1884፣ በ1886 እና በ1888 ሦስት ጊዜ አለፈ። በተወካዮች ምክር ቤት ግን አንድም ጊዜ ለድምፅ አልቀረበም። ማንም ተነስቶ «አልደግፍም» ማለት አላስፈለገውም፤ ጉዳዩ ከኮሚቴ ሳይወጣ ዘመኑ አለቀ። የፌዴራል መንግሥት ለተራው ትምህርት ቤት ሰፊ ድጎማ እስኪሰጥ ድረስ ከዚያ በኋላ 80 ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

218 ፊርማ

የሠራተኛ ኮሚቴው ከፍ ያለ ቦታ ያገኘው በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነው። ሰብሳቢው ዊልያም ኮነሪ በ1935 ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ከአሠሪ ጋር የመደራደር መብታቸውን ያጸናውን የዋግነር ሕግ በምክር ቤቱ በኩል መሩ። በ1937 ሲሞቱ ወንበሩን የወረሱት ኒው ጀርሲን የሚወክሉት ሜሪ ኖርተን ናቸው። ከወንበሩ ጋር የወረሱት ረቂቅ የደመወዝ ወለልን፣ የሥራ ሰዓትንና የሕፃናት ጉልበትን ይመለከታል።

ረቂቁ ከኖርተን ኮሚቴ ወጥቶ በሌላ ኮሚቴ ተያዘ። ማናቸውም ትልቅ ረቂቅ ወደ ሙሉ ጉባኤ ከመድረሱ በፊት በደንብ ኮሚቴ በኩል ያልፋል፤ በዚያ የተቀመጡት ወግ አጥባቂ የደቡብ ዴሞክራቶችና ሪፐብሊካኖች ደግሞ ቀን ሊቆርጡለት አልፈለጉም። ለዚህ የተመረጠው መፍትሔ አንድ ነበር፤ ከአባላቱ ግማሽ በላይ፣ ማለትም 218 ሰዎች ፈርመው ረቂቁን ከኮሚቴ ማስወጣት። ኖርተን ፊርማውን አሰባሰቡ፤ ሆኖም በዲሴምበር 1937 ጉባኤው ረቂቁን ወደ ኮሚቴያቸው መልሶ ላከው። እንደገና ጽፈው አመጡት፤ እንደገናም ታገደ። በሜይ 1938 ግን ለውጡን የደገፉ የደቡብ ሴናተሮች የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ማሸነፋቸው የፈሩትን አደፋፈረ፤ 218ቱ ፊርማ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞላ። ምክር ቤቱ 314 ለ97 በሆነ ድምፅ አሳለፈው፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም በጁን 25 ፈረሙ።

ሕጉ የጀመረው በሰዓት 25 ሳንቲምና በሳምንት 44 ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ወደ 40 እንዲወርድ ታዘዘ። ድምፅ ለማግኘት የተከፈለው ዋጋም በሕጉ ላይ ይታያል። የእርሻ ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ከጥበቃው ውጪ ቀሩ፤ በደቡብ ደግሞ እነዚህን ሥራዎች የሚሠሩት በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። እነሱን ለመጨመር ኮሚቴው በ1966 እና በ1974 ተመልሶ መሥራት ነበረበት።

የማይጠራ ስብሰባ

በ1946 ኮንግረስ አሠራሩን ሲያስተካክል ሁለቱን ኮሚቴዎች መልሶ አንድ አደረጋቸው። አዲሱ ኮሚቴ በ1947 ሥራ ሲጀምር አብላጫው የሪፐብሊካኖች ነበርና ሰብሳቢነቱ ለፍሬድ ሃርትሊ ደረሰ። ኖርተን በሃርትሊ ሥር አልሠራም ብለው ከኮሚቴው ለቀቁ። ሃርትሊ ከሴናተር ሮበርት ታፍት ጋር የወጠኑት ሕግ የማኅበራትን አቅም ገደበ፤ ክፍለ ግዛቶችም የማኅበር አባልነትን የሥራ ግዴታ ማድረግን እንዲከለክሉ ፈቀደ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ውድቅ ቢያደርጉትም ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ውሳኔያቸውን ሻረው። በዚያ ዓመት ከኮሚቴው ጠረጴዛ ጥግ ከተቀመጡት አዲስ አባላት ሁለቱ ጆን ኬኔዲና ሪቻርድ ኒክሰን ነበሩ። በዚሁ ሕግ ጉዳይ ወደ ፔንሲልቬንያዋ የብረት ከተማ ማኪስፖርት ሄደው በአደባባይ ተከራክረዋል፤ ለፕሬዚዳንትነት ሊፋጠጡ 13 ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

የሰብሳቢን ሥልጣን በግልጽ ያሳዩት ግን የሰሜን ካሮላይናው ግራሃም ባርደን ናቸው። አንድ ረቂቅ ወደ ኮሚቴ ሲመራ መጀመሪያ ንዑስ ኮሚቴ ያየዋል፤ የምስክርነት መድረክ ይከፈታል፤ ከዚያ አባላቱ ተቀምጠው አንቀጽ በአንቀጽ ያርማሉ፤ በመጨረሻ ድምፅ ሰጥተው ሪፖርት ይጽፋሉ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱን ደረጃ የሚከፍተው ሰብሳቢው ነበር፤ ሰብሳቢነት የሚገኘውም በምርጫ ሳይሆን በአገልግሎት ዘመን ርዝመት ነበር። ባርደን በ1950ዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ ላይ ነበሩ፤ ማድረግ የፈለጉት ጥቂት ስለ ሆነ ጥቂት ስብሰባ ይጠሩ ነበር። ስብሰባ ቢጠራም ምስክሩ እንዳሻው እንዲያወራ ይለቁታል፤ ሰዓቱ ያልቃል፣ አባላቱ ይበተናሉ፣ ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል። ከእሳቸው ቀጥሎ ረጅም ዘመን ካገለገሉት አንዱ የሃርለሙ አዳም ክሌይተን ፓወል ሆነው ሳለ ንዑስ ኮሚቴ አልሰጧቸውም።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በባርደን ላይ መደፍደፍ እውነቱን ማጥበብ ይሆናል። የትምህርት ድጎማ በሦስት ቋጠሮ ታስሮ ነበር። አንደኛው ዘር ነው። ፓወል ዘር ለሚለይ ትምህርት ቤት አንዲት ዶላር አትሰጥም የሚል ማሻሻያ በየረቂቁ ላይ ያቀርቡ ነበር፤ በ1956 ማሻሻያው አለፈ፣ ረቂቁ ግን 194 ለ224 ወደቀ። ሁለተኛው ሃይማኖት ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ገንዘቡ ካልደረሳቸው ካቶሊክ ተወካዮች ይቃወማሉ፤ ከደረሳቸው ፕሮቴስታንቱ ይቃወማል። ሦስተኛው ዋሽንግተን ገንዘብ ከሰጠች ማዘዝም ትጀምራለች የሚለው ፍርሃት ነው። በዚያ ዘመን የተገኘው ዋና ቀዳዳ የ1958ቱ የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ነበር፤ ሶቪየቶች ስፑትኒክን ባመጠቁ ማግሥት የአላባማው ካርል ኤልየት በንዑስ ኮሚቴያቸው በኩል የተማሪ ብድርን በአገር መከላከያ ስም አሳለፉት።

የሃርለሙ ፓስተር

በ1961 ባርደን ከምክር ቤት ተሰናበቱ፤ ወንበሩም በተራ ለፓወል ደረሰ። ፓወል በሃርለም የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ የተመሠረተችው በ1808 ሲሆን፣ በአፈ ታሪኳ እንደሚነገረው በኒው ዮርክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዘር ተለይቶ መቀመጥን እምቢ ካሉት መካከል የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነበሩበት፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ወደዚያ ሄደው መስቀል አበርክተዋል። ንጉሠ ነገሥቱን በቤተ ክርስቲያኗ የተቀበሉት ፓወል ከሰባት ዓመት በኋላ በኮንግረስ ከመጀመሪያዎቹ ኃያላን ጥቁር ሰብሳቢዎች አንዱ ሆኑ።

ፓወል ባርደን የዘጉትን በዚያው ሥልጣን ከፈቱት። ለንዑስ ኮሚቴዎች ቋሚ የሥራ ድርሻ፣ ሠራተኛና በጀት ሰጡ፤ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተጠራ። በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 50 የሚጠጉ ዐበይት ሕጎች ከኮሚቴው ወጡ፤ ለእኩል ሥራ ለሴትና ለወንድ እኩል ክፍያን የሚያዘው የ1963ቱ ሕግ፣ የድህነት ዘመቻው የ1964 ሕግ፣ ለኮሌጅ ተማሪዎች ድጎማና ብድር መሠረት የጣለው የ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ከእነዚህ ይቆጠራሉ።

ሦስቱ ቋጠሮዎች የተፈቱት በ1965ቱ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ ነው። የዘሩን ጥያቄ የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ አስቀድሞ ዘግቶት ነበር፤ ዘር የሚለይ ተቋም የፌዴራል ገንዘብ አያገኝምና የፓወል ማሻሻያ አላስፈለገም። የሃይማኖቱን ጥያቄ የፈታው ደግሞ የአጻጻፍ ብልሃት ነበር። ንዑስ ኮሚቴውን የሚመሩት የኬንታኪው ካርል ፐርኪንስና ባልደረቦቻቸው ገንዘቡ ተቋምን ሳይሆን ድሃ ልጅን እንዲከተል አደረጉ፤ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ያለ ድሃ ልጅም ከአገልግሎቱ መካፈል ቻለ። ቀመሩ የድሃ ልጆችን ቁጥር ስለሚቆጥር ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የምርጫ ክልል ድርሻ ነበረው፤ መቃወም የከበደውም ለዚህ ነው። ምክር ቤቱ 263 ለ153 አሳለፈው። ሴኔቱ አንዲት ቃል ሳይለውጥ ተቀበለው፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ልጅ ሳሉ በተማሩበት የቴክሳስ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ተቀምጠው በአፕሪል 11 ፈረሙ።

የፓወል ኃያልነት መጨረሻው አላማረም። ስብሰባ ሳይጠሩ ይጠፋሉ፣ የኮሚቴ ገንዘብ ለግል ጉዞ ያውላሉ የሚል ክስ በዛባቸው። በ1966 የገዛ ኮሚቴያቸው ሥልጣናቸውን ቆረጠው፤ በ1967 ዴሞክራቶች ከሰብሳቢነት አነሷቸው፤ ምክር ቤቱም አባልነታቸውን ከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ወንበራቸው ግን ለፐርኪንስ አልፎ ነበር፤ ፐርኪንስም እስከ 1984 ያዙት።

ሥልጣኑ ሲበተን

ለንዑስ ኮሚቴዎች የተሰጠው ኃይል ከፓወል በኋላም ጸና። የኦሪገኗ ኤዲት ግሪን የከፍተኛ ትምህርት ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳሉ በ1970 ክረምት ዩኒቨርሲቲዎች በሴቶች ላይ ስለሚያደርጉት መድልዎ ለ7 ቀን ምስክር አሰሙ። በጊዜው ጋዜጦች እምብዛም አልጻፉበትም። ቃለ ምስክሩ ግን በሁለት ጥራዝ ታትሞ ለኮንግረስ አባላት ታደለ፤ ችግሩ የለም ማለት ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ ሆነ። አንቀጹ በ1972 በትልቁ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ውስጥ ሲገባ ግሪን ደጋፊዎቻቸውን ድምፅ እንዳያሰሙ መከሩ፤ ብዙ ሰው ካየው ብዙ ተቃዋሚ ይነሳል ብለው ሰጉ። የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ትምህርት ቤት በፆታ መለየትን የሚከለክለው ርዕስ ዘጠኝ በዚህ መንገድ አለፈ። ለሕጉ የታገሉት ሌላዋ የኮሚቴው አባል የሃዋይዋ ፓትሲ ሚንክ ናቸው፤ በ2002 አንቀጹ በስማቸው ተሰየመ። የፈረሙበት ፕሬዚዳንት ደግሞ ኒክሰን ነበሩ፤ የሥራ ቦታ ደኅንነት ሕግንም በ1970 የፈረሙት እሳቸው ናቸው።

በ1971 ወደ ኮሚቴው የገቡት የብሩክሊኗ ሸርሊ ቺሾልም የቤት ሠራተኞች በደመወዝ ወለል እንዲካተቱ ታገሉ፤ በ1974 ተሳካ። ያው ሕግ ግን ለአረጋውያን «አብሮ የመሆን አገልግሎት» የሚሰጡትን ከጥበቃው አወጣ። ይህ አንድ ልዩ ሁኔታ በድርጅት ተቀጥረው በየቤቱ አረጋዊ የሚጦሩ ሠራተኞችን ለ40 ዓመት ከኦቨርታይም ውጪ አድርጓል፤ የሠራተኛ ሚኒስቴር ይህን ያስተካከለበት ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነው። በአሜሪካ በሆም ኬር ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ያ ልዩ ሁኔታ ለእነሱ ምን ማለት እንደ ነበር ያውቁታል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ዴሞክራቶች ሰብሳቢዎችን በምስጢር ድምፅ መምረጥ ጀመሩ፤ የዕድሜ ልክ ሰብሳቢነት ተሰበረ። በ1995 ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ ምክር ቤቱን ሲይዙ የሰብሳቢን ዘመን በስድስት ዓመት ገደቡት፤ ማን እንደሚሾምም በአመዛኙ የፓርቲው መሪዎች ይወስኑ ጀመር። ከኮሚቴው ስም ላይም የማኅበራትን ድምፅ ያስታውሳል ያሉትን «ሠራተኛ» የሚለውን ቃል አነሱ። ከዚያ ወዲህ ምክር ቤቱ እጅ በለወጠ ቁጥር በ2007፣ በ2011፣ በ2019 እና በ2023 ስሙ ተለዋውጧል። ኃይሉ ከባርደን ዘመን ሰብሳቢ ወደ ንዑስ ኮሚቴ፣ ከንዑስ ኮሚቴ ወደ ፓርቲ አመራር ተሸጋግሯል ማለት ነው።

በዚህ ዘመንም ቢሆን መደራደር አልሞተም። በ2001 ሰብሳቢው ጆን ቤነርና በኮሚቴው የዴሞክራቶቹ መሪ ጆርጅ ሚለር ተቀምጠው ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ የንባብና የሒሳብ ፈተና የሚያዘውን ሕግ ቀረፁ፤ ምክር ቤቱ 381 ለ41 አጸደቀው። በ2014 ሁሉም ልጅ ብቁ ይሆናል ያለው ግብ እንደማይደረስበት እየታየ መጣ፤ ሕጉ ሊታደስ የሚገባው በ2007 ነበር። የታደሰው ግን በ2015 ነው፤ በመካከሉ የትምህርት ሚኒስቴር ለክፍለ ግዛቶች ልዩ ፈቃድ እየሰጠ ፖሊሲውን ብቻውን መራ። ኮሚቴ ዝም ሲል ሥልጣኑ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል።

ሌላው ወሰኑ ገንዘብ ነው። ኮሚቴው ፕሮግራም ይፈቅዳል፤ በየዓመቱ ገንዘቡን የሚመድበው ግን ሌላ፣ የወጪ ምደባ ኮሚቴ ነው። በ1975 ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ ሲወጣ የፌዴራል መንግሥት ከብሔራዊው የአንድ ተማሪ አማካይ ወጪ እስከ 40 በመቶ እንደሚሸፍን ተጽፎ ነበር። ኮንግረስ እስካሁን ያን ያህል መድቦ አያውቅም፤ ልዩነቱን የሚሸፍኑት ክፍለ ግዛቶችና የአካባቢ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ሕግ ሳይወጣ

ኮሚቴው ያለ ሕግም ፖሊሲ ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ዲሴምበር 5 ቀን 2023 ታየ። የሃርቫርድ፣ የፔንሲልቬንያና የኤም አይ ቲ ፕሬዚዳንቶች በግቢዎቻቸው ስላለው ፀረ አይሁድነት ተጠርተው ተጠየቁ። ለጥቂት ደቂቃ የቆየ ጥያቄና መልስ በስልክ ስክሪን አገር አዳረሰ፤ የፔንሲልቬንያዋ በዚያው ሳምንት፣ የሃርቫርዷ በጃንዋሪ 2024 ከሥልጣን ወረዱ። ደጋፊዎች ተጠያቂነት አሉት፣ ተቺዎች ደግሞ ፖለቲካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገባ አሉ። ኤዲት ግሪን ያሰሙት ምስክርነት ሁለት ዓመት ጠብቆ ሕግ ሆኗል፤ የ2023ቱ ግን ሕግ ሳይጠብቅ በቀናት ውስጥ ውጤት አመጣ። የመጀመሪያው መዝገብ ለሕግ አውጪው ተዘጋጀ፣ ሁለተኛው በቀጥታ ለሕዝብ ቀረበ።

የፌዴራል የደመወዝ ወለል ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። በ2019 በቦቢ ስኮት የሚመራው ኮሚቴ ወደ 15 ዶላር የሚያሳድግ ረቂቅ አውጥቶ ምክር ቤቱ 231 ለ199 አሳልፎት ነበር፤ ሴኔቱ ለድምፅ አላቀረበውም። ዛሬ በዋሽንግተን፣ በሲያትል ወይም በሜሪላንድ የሚሠራ ሰው ከፌዴራሉ ወለል በላይ የሚከፈለው ከተማው ወይም ክፍለ ግዛቱ በራሱ ስለ ወሰነ ነው። በቴክሳስ ወይም በጆርጂያ የሚሠራው ግን ሕጉ የሚያስጠብቅለት ያችኑ የ2009ን መጠን ነው። ስለዚህ የአንድን ኮሚቴ ሥራ መመዘን የሚፈልግ ሰው ያሳለፋቸውን ሕጎች ብቻ ቢቆጥር ግማሹን ይስታል። ባርደን በዝምታ፣ ፓወል በጥድፊያ የየዘመናቸውን ትምህርትና ሥራ ቀርፀዋል፤ የ7 ዶላር ከ25 ሳንቲሙም ዕድሜ እንዲህ እንዲረዝም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የ2019ኙን ረቂቅ በሴኔት ለድምፅ የሚያቀርበው መጥፋቱ ነው።